የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተጻፈው ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ሆኖ እነሱ ወሎ ተቀምጠው ለሚሠሩ ነው። ደሴ ላይ ቅርንጫፍ ቢሮ ያላችሁ፣ ወልዲያ ከቤት የምትሠሩ፣ ለመስክ መካነ ሰላም ወይም ወገል ጤና የምትወጡ ሁሉ። ለአይቲ ከሚደወለው ግማሹ "ቪፒኤኑ ተበላሸ" በሚል ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ግን ቪፒኤኑ ደህና ነው። የተቆረጠው ሌላ ቦታ ነው፣ የት እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ከምታስቡት ይቀላል።

ቪፒኤን በቀላሉ ምንድን ነው?

ቤት ያለውን ላፕቶፕ ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ጋር በኢንተርኔት በኩል የሚያገናኝ የተዘጋ መስመር ነው። ሰነድ በፖስታ አሽጎ በአውቶቡስ አዲስ አበባ እንደመላክ አስቡት። ሹፌሩም ረዳቱም ያደርሱታል፣ ውስጡን ግን አያነቡትም። መስመሩ ላይ ያለው ሰው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ያያል እንጂ ምን እንደተጻፈ አያይም። ቢሮ ስትሆኑ የምትከፍቱት የጋራ ፎልደር፣ የሂሳብ ፕሮግራም፣ የውስጥ ገጽ ሁሉ ቤትም ይከፈትላችኋል።

ፌስቡክ ሲዘጋ ከምንጠቀመው ቪፒኤን ጋር አንድ ነው?

ቴክኒኩ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ለወራት በተገደቡ ጊዜ ያልጫነ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ያ አይነቱ ወደ ማታውቁት ኩባንያ ሰርቨር ይወስዳችኋል። የመሥሪያ ቤቱ ግን ወደ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው የሚወስደው።

ችግሩ ያኔ የተጫነው ነፃ ቪፒኤን እስካሁን ላፕቶፑ ላይ መቀመጡ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር መንገድ ይሻማል። ሁለቱን አንድ ላይ አታብሩ። እንዲያውም ነፃውን ከሥራ ላፕቶፕ ላይ አጥፉት። በነፃ የሚሰጥ ሰው ወጪውን የሆነ ቦታ ማካካሱ አይቀርም፣ ብዙ ጊዜም የሚያካክሰው በእናንተው መረጃ ነው።

አልገናኝ አለኝ። ከየት ልጀምር?

ከኢንተርኔቱ። ቪፒኤኑን አጥፉና ሌላ ጊዜ የማትከፍቱትን አንድ ገጽ ክፈቱ። የምታዘወትሩት ገጽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ኢንተርኔት ሳይኖርም የተከፈተ ይመስላል። አዲሱ ገጽ ካልተከፈተ ነገሩ የቪፒኤን አይደለም። ፓኬጁ አልቋል፣ ዋይፋዩ ጠፍቷል ወይም ኔትወርክ የለም። "ዋይፋዩ ሙሉ ነው እኮ" የሚል ካለ፣ ያ ምልክት ላፕቶፑና ራውተሩ እንደተገናኙ ብቻ ነው የሚናገረው። ራውተሩ ከውጭው ዓለም ጋር መገናኘቱን አይናገርም።

ገጹ ከተከፈተ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞክሩ። በቤት ዋይፋይ ከሆናችሁ ወደ ስልክ ሆትስፖት ቀይሩ፣ በሆትስፖት ከሆናችሁ ወደ ዋይፋይ። በአንዱ ሠርቶ በሌላው እምቢ ካለ፣ እምቢ ያለው ኔትወርክ ቪፒኤኑ የሚሄድበትን በር (ፖርት) ዘግቶት ይሆናል። ከቪፒኤን አይነቶች ኦፕንቪፒኤን በተለምዶ 1194፣ ዋየርጋርድ 51820፣ አይፒሴክ ደግሞ 500 እና 4500 በሚባሉ በሮች ይሄዳሉ። አንዳንድ ዋይፋይ እነዚህን ዘግቶ ተራ ድረ ገጽ የሚሄድበትን 443 ብቻ ይተዋል። አይቲዎቻችሁ በ443 የሚሠራ አማራጭ ካላቸው ጠይቁ።

በሁለቱም እምቢ ካለ መልእክቱን አንብቡት። "ሰርቨሩ አልመለሰም" እና "ስም ወይም ፓስዎርድ ተሳስቷል" ሰማይና ምድር ናቸው። የመጀመሪያው መንገዱ ላይ ችግር አለ ይላል። ሁለተኛው ግን የምሥራች ነው፤ በሩ ድረስ ደርሳችኋል፣ የቀረው ቁልፉ ነው።

"ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም" ወይም "ጊዜው አልፏል" ይለኛል። ምን ማለት ነው?

ሰዓታችሁን እዩ። ቀኑንም።

ይህ እኛ አገር ከሌላው ዓለም በላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው የሰዓት አቆጣጠራችን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ላፕቶፑ 8 ሲል የሚያበሳጨው ሰው አለ። ቁጭ ብሎ በእጁ 2 ያደርገዋል። ለእሱ ልክ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል። አንዳንዱ ደግሞ ዓመቱን በእኛ ካላንደር ይሞላዋል። ያኔ ላፕቶፑ ራሱን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። የቪፒኤን ሰርቨሩ መታወቂያውን ሲያሳይ ላፕቶፑ "ይህ ወረቀት ገና አልወጣም" ብሎ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው መብራት ነው። የቆየ ዴስክቶፕ ላይ ሰዓቱን የምትይዘው ትንሽ ክብ ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። መብራት ከመጣ በኋላ ቪፒኤኑ እምቢ የሚል ከሆነና ቀኑን ስታስተካክሉ የሚሠራ ከሆነ፣ ባትሪዋን ቀይሩ። ሲአር2032 ትባላለች፣ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሱቆች አያጧትም።

ለማስተካከል የቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ክፈቱና ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል የሚለውን አብሩ። የሰዓት ቀጠናውን በተመለከተ፣ ዊንዶውስ ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ የለችም። ናይሮቢን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። የሐበሻውን ሰዓት ማየት የሚፈልግ በስልኩ አፕ ወይም በግድግዳው ይየው፤ የላፕቶፑን አይንካ።

ፓስዎርዴን እርግጠኛ ነኝ። ግን አይቀበለኝም።

መጀመሪያ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳይሆን። ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ ስትጽፉ ቆይታችሁ ቀጥታ ወደ ቪፒኤኑ ከሄዳችሁ፣ ጣታችሁ የሚጽፈው ሌላ፣ ኮምፒውተሩ የሚቀበለው ሌላ ነው። ጥቁር ነጥብ ብቻ ስለሚታይ አይታወቅም። ፓስዎርዱን ባዶ ማስታወሻ ላይ ጻፉት፣ እዩት፣ አጥፉት። ትልልቅ ፊደል የሚያወጣው ቁልፍ በርቶ እንደሆነም እዚያው ይታያችኋል።

ሌላው የተለመደው የተቀየረ ፓስዎርድ ነው። ቢሮ ሳላችሁ ወይም በስልክ ፓስዎርድ ቀየራችሁ እንበል። ቤት ያለው ላፕቶፕ ይህን አልሰማም። ሲከፈት አሮጌውን ይቀበላል፣ ቪፒኤኑ ግን አዲሱን ይፈልጋል። ስለዚህ ላፕቶፑን በአሮጌው ክፈቱ፣ ቪፒኤኑን በአዲሱ ግቡ፣ ከገባችሁ በኋላ ስክሪኑን ቆልፋችሁ በአዲሱ ክፈቱት። ያኔ ሁለቱ ይታረቃሉ።

ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ብዙ ቦታ ከጥቂት ስህተት በኋላ አካውንቱ ሎክ ይሆናል። ከዚያ ትክክለኛውንም ብትጽፉ አይገባም፣ እናንተም ፓስዎርዳችሁን መጠራጠር ትጀምራላችሁ።

የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ አይመጣም ወይም ዘግይቶ ይመጣል።

ኔትወርክ ሲጨናነቅ ይዘገያል። ደረሰ ስትሉ ጊዜው አልፎበታል። መፍትሔው አይቲን በስልክ ላይ የሚሠራ ኮድ ማመንጫ አፕ እንዲያስገቡላችሁ መጠየቅ ነው። አፑ ኮዱን የሚሠራው ስልኩ ውስጥ ካለ ምስጢርና ከሰዓቱ ብቻ ነው። በተለምዶ በየ30 ሰከንዱ ይቀያየራል። ሲም ባይኖር፣ ዳታ ባይኖር፣ ደላንታ ተራራ ላይ ብትሆኑም ይሠራል። ከሰዓቱ ነው ካልን ግን ከላይ ያለው የሰዓት ጉዳይ ለስልኩም ይሠራል። ስልካችሁን በእጃችሁ ወደ ሐበሻ ሰዓት ከቀየራችሁት ኮዱ ሁልጊዜ ስህተት ነው።

"ተገናኝቷል" ይላል፣ አረንጓዴ ነው። ግን ምንም አይከፈትም።

በጣም የሚያናድደው ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም የሚወቀስ ነገር አይታይም። ሦስት ነገሮችን እጠረጥራለሁ።

አንደኛ፣ ስም። ፎልደሩን በስሙ ስትጠሩት አይከፈትም፣ በቁጥር አድራሻው ግን ይከፈታል። ይህ ማለት መስመሩ ደህና ነው፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ግን የቤታችሁን እንጂ የመሥሪያ ቤቱን አይጠይቅም። ለጊዜው በቁጥሩ ሥሩ፣ ለአይቲ ግን ይህንኑ ንገሯቸው። "በቁጥር ይሠራል፣ በስም አይሠራም" ካላችኋቸው ግማሽ ሥራቸውን ሠርታችሁላቸዋል።

ሁለተኛ፣ የአድራሻ ግጭት። ብዙ የቤት ራውተር ከፋብሪካ ሲወጣ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይዞ ነው የሚመጣው። መሥሪያ ቤቱም ሰነፍ ሆኖ ያንኑ ከያዘ፣ ላፕቶፑ የቢሮውን ሰርቨር ሳሎን ውስጥ ይፈልገዋል። አያገኘውም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በስልክ ሆትስፖት ይሠራል፣ በቤት ዋይፋይ አይሠራም። የቤቱን ራውተር አድራሻ ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ 192.168.57 ወደሚጀምር መቀየር ይበቃል። የራውተሩን መግቢያ የሚያውቅ ሰው ከጎናችሁ ካለ የአንድ ሻይ ጊዜ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ የፓኬት መጠን። ፓኬት መረጃ ተቆራርጦ ሲላክ አንዱ ቁራጭ ነው። ትንንሹ ነገር ያልፋል፣ ትልቁ ይንጠለጠላል። መግቢያ ገጹ ይከፈታል፣ ፋይሉ ግን አይወርድም፤ ወይም አባሪ የሌለው ኢሜይል ይሄዳል፣ አባሪ ያለው አይሄድም። በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ትልቁ ፓኬት በተለምዶ 1500 ባይት ነው። ቪፒኤኑ የራሱን መጠቅለያ ሲጨምርበት ከልኩ ያልፍና መንገድ ላይ ይወድቃል። አይቲ ኤምቲዩ የሚባለውን ቁጥር ወደ 1400 ወይም 1300 ዝቅ ሲያደርጉት ይለቃል። እናንተ መንካት የለባችሁም፣ ግን ምልክቱን ማወቃችሁ ይጠቅማል።

በስልክ ሆትስፖት እየሠራሁ ሰው ሲደውልልኝ ይቆረጣል።

ስልኩ ነው። 4ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ የማያስኬድ ስልክ ወይም መስመር ከሆነ፣ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። 2ጂ ላይ ዳታው ጥሪው እስኪያልቅ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ይላል። ቪፒኤኑ ጥቂት ይጠብቅና ተስፋ ይቆርጣል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ቮልቲ (VoLTE)፣ ማለትም 4ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ የሚያስኬደው ካለ አብሩት። ከሌለ ለዳታ ሌላ ስልክና ሌላ ሲም ያዙ። ለሆትስፖት የምትሆን አሮጌ ስልክ ከየቤቱ አትጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ ላይ ቪፒኤን አብርቶ ላፕቶፑን በሆትስፖት የሚያገናኝ ሰው አለ። አንድሮይድ ላይ በተለምዶ የስልኩ ቪፒኤን ለስልኩ ብቻ ነው፣ ለላፕቶፑ አያልፍም። ላፕቶፑ የራሱ ያስፈልገዋል።

መኪና ውስጥ ስሠራስ?

ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ ሐረጎ ላይ ስትጠመዘዙ፣ ስልኩ ከአንቴና አንቴና ይዘላል። ዋየርጋርድ እና አይኬኢቪ2 (IKEv2) የሚባሉት የቪፒኤን አይነቶች አድራሻ ሲቀየር ራሳቸውን የሚያስተካክሉበት መንገድ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ሳታውቁት ይቀጥላሉ። የቆዩት አይነቶች ግን በየመታጠፊያው እንደገና ግቡ ይላሉ። ኢሜይል መመለስ ይቻላል። ደመወዝ መክፈል ግን ከመኪና ስትወርዱ ይሁን።

ዝም ብዬ ስቆይ ይቆረጣል።

የሞባይል ኔትወርክ ላይ ብዙ ሰው አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራል። ኔትወርኩ ዝም ያለ መስመር ሲያይ ቦታውን ለሌላ ይሰጠዋል። አይቲ ቪፒኤኑ በየ25 ሰከንዱ ገደማ "አለሁ" እንዲል ማድረግ ይችላሉ። የላፕቶፑ እንቅልፍ ሁነታም እንዳይሆን እዩ። ክዳኑን ዘግታችሁ ምሳ በልታችሁ ብትመጡ መቆረጡ የሚጠበቅ ነው።

መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ?

ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ የለውም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሥራው የሚቆመው በራውተሩ ነው። ለራውተር ብቻ የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የምትይዝ ባትሪ) አለች፤ ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት እዩ፣ ብዙው 12 ነው። ያለዚያ ሆትስፖት ተዘጋጅቶ ይቆይ። መብራት ሊጠፋ ሊጠፋ ሲል የምታውቁበት ሰፈር ካላችሁ ደግሞ የከፈታችሁትን ሴቭ እያደረጋችሁ። መብራት ሲመጣም አትቸኩሉ። ራውተሩ እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፣ በዚያ መሀል ቪፒኤን ላይ አሥር ጊዜ መጫን ጥቅም የለውም።

የሂሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን በቪፒኤን ከቤት መክፈት እችላለሁ?

ይከፈታል። አትክፈቱት። ፒችትሪ ዳታውን የሚጽፈው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላለ ፈጣን ኔትወርክ ተብሎ በተሠራ መንገድ ነው። እየጻፈ መሀል ላይ መስመሩ ከተቆረጠ የሂሳብ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። የሐምሌ መዝጊያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ለጠላትም አይመኙም።

ትክክለኛው መንገድ ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ቪፒኤኑን ትገባላችሁ፣ ከዚያ ቢሮ ያለውን ኮምፒውተር በሩቁ ትከፍታላችሁ። ፒችትሪ የሚሠራው እዚያው አዲስ አበባ ነው፣ ወደ እናንተ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው። መስመሩ ቢቆረጥ ሥራው እዚያው ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ተመልሳችሁ ስትገቡ ጠቋሚው የተዋችሁት ሕዋስ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ለትልልቅ ኤክሴልም ያው ነው። ወይ በሪሞት ሥሩ፣ ወይ ወደ ላፕቶፑ ገልብጣችሁ ሠርታችሁ መልሱት። ኋለኛውን ስትመርጡ ሌላ ሰው ያንኑ ፋይል እንዳይነካ ተነጋገሩ።

ፓኬጄን ይበላዋል?

ቪፒኤኑ ራሱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ለምሳሌ ዋየርጋርድ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 60 ባይት ገደማ ነው የሚጭነው። ፓኬጁን የሚጨርሰው በላዩ የምትሠሩት ነው፣ በተለይ ከጀርባ የሚወርደው የዊንዶውስ አፕዴት። ዊንዶውስ ላይ ሆትስፖቱን "ክፍያው በዳታ መጠን ነው" (metered connection) በሚለው አድርጉት፣ አብዛኛውን ማውረድ ያቆመዋል።

ቪፒኤን ስከፍት ሁሉ ነገር ይንቀራፈፋል።

ሁሉም ትራፊካችሁ በቢሮው በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ደሴ ሆናችሁ የምታዩት ዩቲዩብ አዲስ አበባ ቢሮ ደርሶ ነው የሚመጣው፣ የቢሮውን መስመርም ትጋሩበታላችሁ። የቢሮ ሥራ ብቻ በቪፒኤን፣ ሌላው በቀጥታ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። የሚወስኑት ግን አይቲ ናቸው፣ አንዳንዴ ለደኅንነት ሲሉ አይፈቅዱም። ርቀቱን አትውቀሱ። ደሴና አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፣ ብርሃን በፋይበር ውስጥ ይህን በ2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። የሚያዘገየው መጨናነቁና የሞባይል ሲግናሉ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሲገባ ከተንቀራፈፈና 6 ሰዓት ላይ ከተሻለው፣ መልሱ ያው ነው።

ላሊበላ ሆቴል ዋይፋይ ላይ እምቢ አለኝ።

ብዙ ሆቴል መጀመሪያ የክፍል ቁጥር ወይም ኮድ የሚጠይቅ ገጽ አለው። ቪፒኤኑ በርቶ ከሆነ ያ ገጽ አይመጣም። አጥፉት፣ ገጹን ክፈቱ፣ ግቡ፣ ከዚያ አብሩት።

አለቃዬ የምከፍተውን ሁሉ ያያል?

ሁሉም በቢሮው የሚያልፍ ከሆነ የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ ሊታይ ይችላል። የሥራ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ሌላ መቆጣጠሪያም ሊኖረው ይችላል። የግላችሁን በግል ስልካችሁ አድርጉ።

ኢንተርኔት ጨርሶ ሲቋረጥ ቪፒኤን ይረዳል?

አይረዳም። ቪፒኤን መንገድ ላይ የሚሄድ ነገር ነው፣ መንገድ አይሠራም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የስንት ሰው ስልክ ላይ ቪፒኤን ነበር፣ ምንም አልፈየደም። እንዲህ ላለው ጊዜ የሚጠቅመው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። የሚያስፈልጋችሁን ፋይል አስቀድማችሁ አውርዱ፣ በመደበኛ ስልክ የምታገኙት ሰው ዋናው ቢሮ ይኑር፣ ከተቻለም ለቅርንጫፉ የገመድ መስመር አስገቡ።

ፓስዎርዴን ለሥራ ባልደረባዬ ባውሰውስ?

አይሆንም፣ ወንድም ቢሆን። ወሎ ላይ ሰው እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን እሱ የሠራው ሁሉ በእናንተ ስም ይመዘገባል። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ባልደረባችሁ ሥራው የሚያስፈልገው ከሆነ በራሱ ስም ይጠየቅለት።

አይቲ ስደውል ምን ልበል?

የስህተቱን መልእክት በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። በቃላችሁ አትተርኩት፣ "የሆነ ቀይ ነገር" ብዙ አይነት ነው። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጻፉ፣ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ ግልጽ አድርጉት። በዋይፋይ ነው በሆትስፖት፣ ኢንተርኔቱ ለብቻው ይሠራል ወይስ አይሠራም፣ ትናንት ይሠራ ነበር ወይ፣ ከትናንት ወዲህ የተቀየረ ነገር አለ ወይ። የፓስዎርዱ ፎቶ ግን አይላክ። እውነተኛ አይቲ ፓስዎርድ አይጠይቅም፣ የጠየቃችሁ ሰው ካለ ዝጉበትና በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

ላፕቶፔ መናኸሪያ ጠፋ። ቪፒኤኑ አለበት።

አብሽሩ፣ ግን አሁኑኑ ደውሉ። መጀመሪያ ለአይቲ፣ መግቢያችሁን በደቂቃ ይዘጉታል። ቀጥሎ ለፖሊስ። ስልኩም አብሮ ከሄደ ሲሙን አዘጉ፣ የኤስኤምኤስ ኮዱ የሚመጣው በእሱ ነውና። "ምናልባት ይገኝ ይሆናል" ብሎ እስከ ነገ መቆየት ነው ጉዳቱ። ከተገኘ መልሶ መክፈት ቀላል ነው።